አባ ወልደኢየሱስ የበሉት

ባለፈው ጥቅምት ሳል ይዞኝ ሰነበተና አንድ ማለዳ ከጉሮሮዬ የምስር ክክ የምታህል ነጭ ነገር ወጣች። በመዳፌ ይዤ ወደ መስኮቱ ወሰድኋት። በጣቴ ጫን ሳደርጋት ፈረከሰች፤ ሸተተችም። የሰባ ሰባት ዓመት ሴት ነኝ፤ በዕድሜዬ ብዙ ነገር አሽትቻለሁ። ይህችን ሽታ ግን ወዲያው አወቅኋት። ከሰባ ዓመት በፊት በአባቴ መሐረብ ውስጥ አግኝቻት ነበር። አልጋዬ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ።

የልጅ ልጄ እየጎተተች ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። አፌን አስከፍታ በባትሪ አየችና፣

"እማማ፣ የቶንሲል ጠጠር ነው፤ አይስጉ" አለችኝ። "ቶንሲልዎ ላይ ትንንሽ ጉድጓዶች አሉ። የምግብ ፍርፋሪው፣ ምኑም ምኑም እዚያ እየገባ ይጠራቀምና ይጠጥራል።"

"መድኃኒቱስ?"

"ለብ ባለ የጨው ውኃ መጉመጥመጥ። በዚያ እምቢ ካለ እዚሁ እየመጡ እናወጣልዎታለን። በጣም ካስቸገረ ቶንሲሉን ራሱን በቀዶ ጥገና ማውጣት አለ፤ በእርስዎ ዕድሜ ግን አልመክረውም።"

ሳቄ መጣ። ሦስቱንም በዚሁ ቅደም ተከተል በሰባት ዓመቴ ሰምቻቸዋለሁ። በዚህ ሁሉ ዘመን ሐኪሞች ከጨውና ከውኃ የተሻለ መጀመሪያ አላገኙም። ያን ጊዜ ግን የሐኪም ምክር አልመሰሉኝም ነበር። በአባቴ ላይ የተፈረደ ፍርድ መስለውኝ ነበር።

ዘመኑ አርባ ሰባት ነው፤ ጣሊያን ከጎንደር ከወጣ አሥራ ሦስት ዓመቱ። አባቴ ቄስ ኃይለ ጊዮርጊስ የደብራችን ቀዳሽ ነበር። ቤታችን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ሥር ስለሆነች የአባቴ ድምፅ ሲቀድስ እስከ ጓዳችን ይሰማ ነበር። ቀጭን ድምፅ ነው፤ ሲያዩት የሚበጠስ የሚመስል፣ ሲጎትቱት ግን የማይበጠስ። እናቴ ሰብለ ወንጌል ታማ ከቤት በዋለች ቀን እንኳ ቅዳሴው የት እንደደረሰ ከእሱ ድምፅ ታውቅ ነበር።

ኅዳር ሚካኤል ዕለት አባቴ ቀደሰ፤ እኔም ቆረብሁ። የቆረበ ሰው የቅዳሴውን ጠበል ጠጥቶ፣ አፉን በነጠላ ሸፍኖ ቤቱ ይገባል። መትፋት የለም። ይህን ሕግ ማንም ሊያስተምረኝ አያስፈልግም ነበር። ባለፈው ዓመት ቆርቤ ስመለስ ረስቼ ደጅ ላይ እንትፍ ብዬ፣ እናቴ ያችን መሬት ፍቃ አፈሩን እሳት ውስጥ ስትጨምረው አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ በቆረብሁ ቀን ምራቄን እንኳ የምውጠው ተጠንቅቄ ነው።

አባቴ መደቡ ላይ ተቀምጦ ጥምጣሙን እየፈታ ነበር። አንድ ጊዜ ሳለ። ደግሞ ሳለ። መዳፉን አፉ ላይ አድርጎ ቆየና ገልጦ አየው። እኔ ከጉልበቱ ሥር ስለነበርሁ እኩል አየነው። መዳፉ ላይ ነጭ ፍርፋሪ ተቀምጣለች።

አባቴ ጠይም ነበር፤ በዚያች ሰዓት ፊቱ አመድ መሰለ። ከደረቱ መሐረቡን አውጥቶ ፍርፋሪዋን ጠቀለላት። ተነሥቶ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለችው ትንሽ ሙዳይ ውስጥ አስቀመጣትና ክዳኑን ገጠመው። ከዚያ ነው እኔን ያየኝ።

"ይመኙ፣ አይተሻል?"

"አይቻለሁ።"

"ሆድ ይፍጀው። ለእናትሽም ቢሆን።"

ሆዴ ፈጀው። በሰባት ዓመቴ የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ እግዜር አባቴ ሆድ ውስጥ አልቀመጥም ብሎ ወጥቷል። አባቴም የገባው ከዚህ ብዙ የራቀ አልነበረም፤ ይህን ያወቅሁት ግን ኋላ ነው።

በሚቀጥለው እሑድ አባቴ አልቀደሰም። ወገቤን አሞኛል አለ። በሌላውም እሑድ ወገቡ አልተሻለውም። የደብሩ አለቃ ሰው ላኩ፤ "እስከ ልደት ካልተመለሰ ሌላ ቀዳሽ አቆማለሁ፤ መሠዊያ ያለ ሰው አያድርም" ብለው። እናቴ መልእክቱን ስትሰማ ወገቡን በቅቤ ልታሽለት ተነሣች። አባቴ ግን ወገቡን አልሰጣትም።

እኔ ነገሩን መመርመር ያዝሁ። አንድ ሰው ምን ቢያደርግ ነው እግዜር ከአፉ የሚወጣው? አባቴ አይሰርቅም። አይሰድብም። አንድ ነገር ግን አስታወስሁ፦ በየቅዳሴው ዋዜማ ማታ፣ ወደ ግድግዳው ዞሮ፣ ከኪሱ ቅርንፉድ እያወጣ ያኝካል። ጾሙን የገደፈ መሰለኝ። አገኘሁት ብዬ ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ስለ አባቴ አዝኜ አለቀስሁ።

ሁለተኛ ማስረጃዬ እናቴ ናት። ከዚያ በፊት ጀምሮ ስትተኛ ፊቷን ከአባቴ ታዞር ነበር። የእግዜርን ወገን ይዛ ያኮረፈችው መሰለኝ። አሁን ሳስበው እናቴ ያኮረፈችው ማንንም አልነበረም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ አፍንጫም እንደዚያው ነው። የአባቴ አፍ ይሸት ነበር። እሱ ራሱ ሽታውን አያውቀውም፤ የሚያውቀው በመሠዊያው ዙሪያ አብሮት የሚቆመው ዲያቆን ፊቱን ዘወር ሲያደርግ ብቻ ነው። ቅርንፉዱን የሚያኝከው ለዚህ ነበር፤ ያውም የቅዳሴው ጾም ሳይገባ ተፍቶ አፉን ይታጠብ ነበር።

አንድ ቀን ቤቱ ጭር ሲል በርጩማ ላይ ቆሜ ሙዳይዋን አወረድሁ። መሐረቡን ፈታሁት። ፍርፋሪዋ ደርቃለች። ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁና ወዲያው መለስኋት። የበሰበሰ እንቁላልና የቆየ አይብ አንድ ላይ። የቁርባን ኅብስት ሽታ አውቃለሁ፤ ከሚጋገርበት ከቤተ ልሔም ሲወጣ የስንዴና የእሳት ሽታ አለው። ታዲያ ይኼ ምንድን ነው? ብዙ አሰብሁና ለራሴ መልስ ሰጠሁ፦ እግዜር ሲቆጣ እንዲህ ይሸታል።

መልሱ ከአፍንጫዬ ሥር ነበር፤ እኔ ግን አለፍሁት። አባቴም እንደዚሁ አልፎታል፤ ከጠቀለላት ወዲህ ሊገልጣት አልደፈረም።

እናቴ አንድ ማለዳ የአባቴን አንገት ስትዳብስ ከመንጋጋው ሥር እብጠት አገኘች። "ወገብ አይደለም፤ እንጥል ነው" አለች። ጨው ለብ ባለ ውኃ በጥብጣ አስጎመጠመጠችው። በማግሥቱ ቅዳሜ ደግሞ ከአምባ ጊዮርጊስ ለገበያ የምትወርደውን እትዬ ፈንታዬን ይዛ መጣች። እትዬ ፈንታዬ የወረደ እንጥል በፈረስ ጭራ ቆራጭ ናት፤ ስሟ ሲነሣ የሰፈራችን ልጆች አፋቸውን ይገጥሙ ነበር።

አባቴን ወደ ብርሃን አዙራ አፉን አስከፈተችው። ማንኪያ ምላሱ ላይ ጫነች።

"እንጥላቸውስ ሸጋ ነው፤ አልወረደም" አለች። "ግራና ቀኙ ነው ያበጠው። ቆዩማ።"

ጣቷን በጨርቅ ጠቅልላ፣ ጨው አስነክታ፣ ጎኑን ጫን አደረገችው። አባቴ አቃሰተ። ጣቷን ስታወጣ ጫፉ ላይ ሌላ ነጭ ፍርፋሪ አለ።

"ይኸው! ይኼ ነው ሲያስጨንቃቸው የከረመው" ብላ ወደ ምድጃው አመድ ወረወረችው።

አባቴ ከበርጩማው ዘሎ አመዱ ላይ ተንበረከከ። በሁለት ጣቱ አመዱን እየበረበረ፣ "አትንኩት! እሳቱን አትንኩት!" ይል ነበር። አገኘው። መዳፉ ላይ አድርጎ እፍፍ እያለ አመዱን አራገፈለት። እትዬ ፈንታዬ በዕድሜዋ ስንት ጉሮሮ ከፍታለች፤ እንዲህ ያለ ሰው ግን አላጋጠማትም።

"ምነው አባታችን? ድንጋይ ነው እኮ። ስንቱን አውጥቻለሁ።"

"ከቆረብሁ ሁለት ሳምንት አለፈኝ" አለ አባቴ ለእናቴ። "እስከ ዛሬ አልወረደም ማለት ነው። እዚሁ ቆሞ።"

"ምኑ?" አለች እናቴ።

አባቴ ቀና ብሎ አያት። መዳፉን ዘረጋላት። እናቴ መዳፉን አየች፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። እትዬ ፈንታዬን እህል ሰጥታ ሸኘቻት። ከዚያ ሙዳይዋ ወረደች፤ ሁለተኛዋም ከመጀመሪያዋ ጋር ተጠቀለለች። ወላጆቼ ጥግ ይዘው ሲንሾካሾኩ ዋሉ። ከንግግራቸው "ስንት ዓመት" እና "አልገባኝም" የሚሉት ብቻ ደረሱኝ። እትዬ ፈንታዬ እውነቱን ተናግራ ነበር፤ የሰማት ሰው ግን የለም።

ረቡዕ ሐኪም ቤት ሄድን። እዚያ ክንዱ የሚባል ድሬሰር፣ የሐኪሙ ረዳት፣ ነበር፤ አባቴ ዘንድ ዳዊት የደገመ፣ ኋላ ትምህርቱን ትቶ ነጭ ካፖርት የለበሰ። አባቴን ሲያይ እጅ ነሥቶ፣ "የኔታ" አለው። ሐኪሙ ፈረንጅ ነው፤ ግንባሩ ላይ ክብ መስተዋት አስሯል። መስተዋቱ ውስጥ የራሴን ፊት አይቼ ደስ አለኝ። የአባቴን ጉሮሮ ብዙ ጊዜ ወስዶ አየና ለክንዱ ተናገረ።

"የኔታ፣ እጢዎ ጠጠር ይዟል ነው የሚለው።"

"ጠጠር በየት ይገባል?"

"አይገባም፤ እዚያው ነው የሚሠራው። ከምግብ ነው። ፍርፋሪው እየቀረ።"

አባቴ፣ "ጠይቅልኝ፤ ከምን ዓይነት ምግብ?" አለ።

ክንዱ ጠየቀ። ሐኪሙ ትከሻውን ሰብቆ ፈገግ አለና ባጭሩ መለሰ። ክንዱ ግን አልተረጎመውም። መሬት መሬት ያያል።

"ምን አለ?"

"ይቅርብዎ የኔታ።"

"ክንዱ!"

"ከማንኛውም ምግብ ነው ይላል። ለምሳሌ... ከዳቦ።"

አባቴ ዓይኑን ጨፈነ። ፈረንጁ ምን እንደተናገረ አያውቅም፤ ክንዱ ግን ዳዊት የደገመ ልጅ ነውና ገብቶታል። እኔም ገብቶኛል ብዬ አስቤ ነበር። ሐኪሙ በመስተዋቱ አባቴን እስከ ልቡ አይቶ፣ እግዜር የወጣበትን ሰው ያወቀ መሰለኝ።

ከዚያ ክንዱ ድምፁን ለስለስ አድርጎ፣ "ሦስት ነገር አለ ይላል። ጧትና ማታ በጨው ውኃ መጉመጥመጥ። ካልሆነ እኔ ዘንድ እየመጡ ጥጥ በጠቀለልሁበት እንጨት እየገፋሁ ላወጣልዎ እችላለሁ። ሦስተኛው እጢዎቹን መቁረጥ ነው። ለልጅ ይቀላል፤ ለትልቅ ሰው ግን ደሙ ያሰጋል። ድምፅዎም ለሁለት ሳምንት ይዘጋል፤ እንደ ድሮው ባይመለስም አይፍረዱብኝ ነው የሚለው" አለ።

"ይቆረጥ" አለ አባቴ።

"የኔታ፣ ጨዋማ ውኃው..."

"እሱ የማይወርድበት ጉሮሮ ለምን ይበጀኛል? ይቆረጥ በለው።"

ለሰኞ ቀጠሮ ተያዘ። ጉሮሮ ሲቆረጥ ያየሁት አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ለፋሲካ፣ በጉ ላይ። በጉ ከዚያ በኋላ አልተነሣም። ሰኞ አባቴን ሊያርዱት ነው ማለት ነው፤ እሱም ጥፋቱን አምኖ እሺ ብሏል። ስንመለስ እጁን በሁለት እጄ ይዤ ሄድሁ።

ዓርብ ከሰርክ ጸሎት በኋላ መሐረቡን ከሙዳይዋ ሰርቄ በቀሚሴ ደብቄ ሮጥሁ። የሮጥሁት ወደ አባ ወልደኢየሱስ ነው። የአባቴ የነፍስ አባት ናቸው፤ ሰማንያ ያለፋቸው መነኩሴ፣ ቅጽሩ ጥግ ካለች ጎጆ የሚኖሩ። ስገባ የጾሙን ቂጣ በልተው ጨርሰው ጢማቸውን ያራግፋሉ።

"አባ፣ ይኼ የአባባ እግዜር ነው" አልኋቸው መሐረቡን እየዘረጋሁ። "ቆርቦ ሲመለስ ከአፉ ወጣ። ሰኞ ሐኪም ቤት ሊያርዱት ነው። እርስዎ ይመልሱለት።"

ተቀበሉኝ። ወደ ደጃፉ ብርሃን ወጥተው ፈቱት። ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፤ ከዚያ ወደ አፍንጫቸው። ደጋግመው አሸተቱት። በዚያ ሰዓት ምን እንዳሰቡ ያኔ ባውቅ ኖሮ ይህ ታሪክ ሌላ ይሆን ነበር።

"አባትሽ ይኼን ታቅፎ ነው የከረመው?"

"አዎ።"

"ለማን ነገረ?"

"ለእማማ ብቻ።"

"ምነው ለእኔ እንኳ..." አሉና ተዉት። መሐረቡን መልሰው ጠቀለሉት። "ዛሬ ቀምሻለሁ። ለነገ ይቆይ።"

ደነገጥሁ። ዛሬ ጠግበዋል፤ ነገ ሊበሉት ነው! የአባቴን እግዜር እንዲመልሱ አመጣሁላቸው፤ እሳቸው ለምሳቸው አስቀመጡት። ልነጥቃቸው እጄን ዘረጋሁ፤ ራሴን ዳብሰው፣ "ሂጂ፣ ለማንም አትናገሪ" አሉኝ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ።

ስገባ አባቴ ሙዳይዋን ገልብጦ መሬቱን በእጁ ይዳብሳል። መደቡ ሥር፣ እህል ማስቀመጫው ኋላ፣ ሁሉንም አገላብጦታል። እናቴ ልታጽናናው ብላ፣ "አይጥ ይሆናል የወሰደው" አለች። ይህን ባትል ይሻል ነበር። አባቴ ባለበት ቁጭ አለ። "አይጥ" አለ ቀስ ብሎ። "እኔ እሱን ለአይጥ ሰጠሁት።" ሰው በዚያ ድምፅ ሲናገር ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም። ልናገር ብዬ አፌን ከፈትሁ፤ አባ ለማንም አትናገሪ ብለውኛል። መልሼ ዘጋሁት።

በማግሥቱ ልክ በዘጠኝ ሰዓት አባ ወልደኢየሱስ በምርኩዛቸው እየተደገፉ መጡ። ከንፈራቸው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። እናቴ ውኃ ልታቀርብ ስትል፣ "ገና ነኝ" አሏት። ከደረታቸው መሐረቡን ሲያወጡ አባቴ እግራቸው ላይ ወደቀ።

"ተነሥ" አሉት። "ተነሥና ስማኝ። ሐኪሙ ጠጠር ነው አለ ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ክንዱን ጠይቄዋለሁ። አንተ ደግሞ ሥጋው ነው ብለህ ፈርተሃል። እኔ ያረጀሁ መነኩሴ ነኝ፤ ዓይኔም አፍንጫዬም ደክመዋል፤ መለየት አልችልም። መለየት ካልቻልሁ ሥርዓቱን እፈጽማለሁ። የወደቀ ሥጋ ወደሙ መሬት አይቀርም፤ የጾመ ካህን ይቀበለዋል። ከትናንት ማታ ጀምሮ አልቀመስሁም።"

ወደ ምሥራቅ ዞረው ጸለዩ፤ አባቴና እናቴ ተንበረከኩ። ከዚያ መሐረቡን ፈቱና ሁለቱንም ፍርፋሪዎች፣ አመድ የነካትንም ጭምር፣ ምላሳቸው ላይ አኖሩ። እኔ ከእግራቸው ሥር ሆኜ ፊታቸውን አያለሁ። ለአፍታ ፊታቸው ተጨማደደ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ማንቁርታቸው ወጣ ወረደ። ዋጡት። ውኃ አስመጥተው መሐረቡን ዋንጫ ውስጥ አለቀለቁና ያን ውኃ እስከ ጠብታው ጠጡት።

"ሸጋ ነው" አሉ።

ጣፈጣቸው ብዬ ጥርሴን ነከስሁ።

"እንግዲህ የቀረ የለም" አሉት አባቴን። "ደግሞ የሚያሳስብህ ነገር ካለ ከእኔ ሆድ ፈልገው። ለልደት ትቀድሳለህ።"

"ጉሮሮዬስ አባ? ለሰኞ ተቀጥሬያለሁ።"

"ለቅጣት ብለህ ከሆነ አትቆረጥም። ለሕመም ከሆነ ሐኪሙ ሦስት ነገር ነግሮሃል፤ ከመጀመሪያው ጀምር። ቤትህ ጨው የለም?"

አባቴ መስቀላቸውን ሊሳለም ጎንበስ አለ። አባ ግንባሩ ላይ ሦስት ጊዜ እፍ አሉበት። በሦስተኛው አባቴ ድንገት ቀና ብሎ አያቸው። አፍ ለአፍ ሊገጥሙ ትንሽ እስኪቀራቸው ተያዩ። አባ ዓይናቸውን አልሰበሩም። ከዚያ አባቴ እንደ ልጅ ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ። እግዜሩን ስለበሉበት ያለቀሰ መሰለኝ።

ሰኞ አልታረደም። ጧትና ማታ በጨው ውኃ ይጉመጠመጣል፤ በየሳምንቱ ክንዱ ዘንድ ይሄዳል። ለልደት ሲቀድስ እናቴ ነጠላዋን ተሸፍና ስታለቅስ አየኋት። ድምፁ ያው ቀጭኑ ድምፅ ነው።

እኔ ግን አባን አልማርኋቸውም። ለልጅ ሥራቸው ግልጽ ነበር፤ ነገ እበላዋለሁ አሉ፣ በሉ፣ ሸጋ ነው አሉ። የደብሩ ልጆች ሁሉ መስቀላቸውን ሲሳለሙ እኔ ከእናቴ ቀሚስ ኋላ እደበቅ ጀመር። ዐቢይ ጾም በገባ በሁለተኛው እሑድ፣ ከቅዳሴ ስንወጣ፣ ደጀ ሰላሙ ላይ አገኙኝ። መስቀሉን ዘረጉልኝ። ወደ ኋላ ሸሸሁ።

"ምነው ይመኙ?" አሉኝ እየሳቁ። "አፌ ሸተተሽ እንዴ?"

"አዎ" አልኋቸው። የበሉት ነው የሚሸተው ማለቴ ነበር።

ሳቃቸው ቀስ ብሎ ቆመ። ነጠላቸውን ስበው አፋቸው ላይ አደረጉ። "እንግዲያስ ከሩቅ ልባርክሽ" አሉና ከቆሙበት ባረኩኝ። ከዚያ ወዲህ ባገኙኝ ቁጥር ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ከሩቅ ይባርኩኝ ነበር። ለሆሣዕና ሳምንት ሲቀረው ደረታቸውን ታመው አረፉ። የገደላቸው የበሉት ነገር መሰለኝ፤ ከዚህም የከፋው፣ ይበላቸው ብዬ ነበር። ያረጀ ሳንባ በጎንደር ብርድ እንደሚደክም ለመረዳት ብዙ ዓመት ፈጀብኝ።

አባቴ ኋላ በሦስተኛው ዓመት፣ ሕመሙ ቢጠናበት፣ በፈቃዱ ሄዶ አስቆረጠ። ደም ብዙ ፈሰሰው፤ ሁለት ሳምንት በእጅ ምልክት ሲያናግረን ሰነበተ። ድምፁ ተመለሰ፤ ጥቂት ሻከር ብሎ። ፊቱን የሚያዞር ዲያቆን ከዚያ በኋላ አልነበረም፤ እናቴም ወደ እሱ ዞራ መተኛት ጀመረች።

በስድሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት አባቴ ለሞት ባደረሰው ሕመም ሲተኛ እኔ ነበርሁ የማስታምመው። አንድ ከሰዓት በኋላ ሾርባ ሳጎርሰው እጄን ያዘኝ።

"ያን መሐረብ ማን እንደወሰደው የማላውቅ መስሎሻል?"

ማንኪያውን አስቀመጥሁ። ያኔ ያሰብሁትን ሁሉ ነገርሁት፤ የአባን ነገር፣ መደበቄን፣ መጥላቴን። ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነበት።

"እፍ ሲሉብኝ ሸተተኝ" አለኝ። "ሰው የራሱን አፍ አያሸትም። የራሴን ሽታ መጀመሪያ ያወቅሁት ከእሳቸው አፍ ነው። ሥጋው አይሸትም ይመኙ። እሳቸውም አንቺ ያመጣሽላቸው ዕለት አሽትተው አውቀውታል። አፍንጫዬ ደክሟል ያሉት ለእኔ ብለው ነው።"

"ታዲያ ምነው ጠጠር ነው ብለው አልጣሉትም?"

"ሴትዮዋ ጠጠር ነው አለችኝ፤ አመድ ውስጥ ገባሁ። ሐኪሙ ጠጠር ነው አለኝ፤ ቁረጡኝ አልሁ። እሳቸውም ጠጠር ነው ብለው ቢጥሉት፣ ዕድሜዬን ሙሉ በመሠዊያው ፊት ምናልባት እያልሁ እኖር ነበር። የበሉልኝ ያን ምናልባት ነው።"

አባቴን የቀበርነው ከአባ ወልደኢየሱስ አጠገብ ነው።

ሐኪሟ ባየችኝ በማግሥቱ እሑድ ነበር። ጧት አፌን በምንም አልታጠብሁም፤ ቆራቢ ነበርሁና ከሌሊት ጀምሮ ውኃ አልነካሁም። ቅዳሴው ሲያልቅ የቅዳሴውን ጠበል ጠጥቼ፣ አፌን በነጠላዬ ሸፍኜ፣ በምርኩዜ ወደ መቃብሮቹ ወረድሁ። ሐኪሟ ጨው ብታዝልኝም ሽታው ገና አልለቀቀኝም፤ ነጠላዬ ውስጥ ይሰማኛል። የአባ ድንጋይ ጽሑፍ የለበትም፤ ሳር ሸፍኖታል። ሰባ ዓመት ሙሉ እዚያ ስደርስ ከድንጋዩ ርቄ የማልፍ ሴት ነኝ። መጀመሪያ በጥላቻ፣ ኋላ በኀፍረት።

ጉልበቴ እያመመኝ ተንበረከክሁ። ሳሩን በእጄ ገለጥሁት፤ ነጠላውንም ከአፌ ላይ አነሣሁ።

"አባ፣ አፍዎ አልሸተተኝም ነበር" አልኋቸው፤ ተጠግቼም ሳምኋቸው።